ለቤተ ሰብ ጕዞ የሚሆን ቀላል ስንቅ

ሰው በቤቱ ሳለ የምግብ ነገር ብዙ አያሳስበውም። አንድ ነገር ቢጐድል ከጓዳ ይመጣል፤ ከጓዳም ቢታጣ ከጎረቤት ወይም ከገበያ ይገኛል። ከቤቱ ወጥቶ በተራራ ላይ ድንኳን ተክሎ ለማደር የተነሣ ሰው ግን የሚበላው የያዘውን ብቻ ነው፤ የያዘውንም ሁሉ አንድም በራሱ ጀርባ፥ አንድም በበቅሎ ጀርባ ይሸከመዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ባንድነት ይፈለግበታል፤ ይኸውም ስንቁ እንዳያንስ መጠንቀቅና ሸክሙ እንዳይበዛ መቈጠብ ነው። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው አንዱን ሲይዝ ሌላውን ይለቃል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጽፈው ልጆቻቸውን ይዘው በእግር ለሚሄዱና በድንኳን ለሚያድሩ አባቶችና እናቶች ነው። ነገሩን የተማርነው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በራሳችን ከደረሰው ስሕተት ስለ ሆነ፥ አስቀድመን ስሕተታችንን እንናገራለን። ስሕተቱን ደብቆ ምክር የሚሰጥን ሰው ማንም አያምነውምና።

በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር እኔና ባለቤቴ የ12 ዓመት ወንድ ልጃችንንና የ9 ዓመት ሴት ልጃችንን ይዘን የስሜንን ተራራዎች ለማየት ተነሣን። የስሜን ፓርክ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት ስፍራዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ጕዞው የሚጀምረው ከጐንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ ሲሆን፥ ሰው ብዙ ጊዜ በሳንቃ በር፥ በግጭና በጨነቅ እያደረ ይሄዳል።

ከመነሣታችን በፊት እናቴ ጠርተው፥ «ጥቂት በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅቼላችኋለሁ፤ ጭኮም አለበት፤ ይዛችሁ ሂዱ» አሉኝ። እኔም፥ «እማዬ፥ እኛ የምንሄደው ለሽርሽር ነው እንጂ ለዘመቻ አይደለም» ብዬ ሳቅሁ። እርሳቸውም መልስ አልሰጡኝም፤ ከረጢቱን አንሥተው ከመደርደሪያው ላይ መልሰው አኖሩት።

እኛ የያዝነው ሌላ ነው። 40 እንጀራ፥ በበረዶ ሣጥን የተቀመጠ ጥሬ ሥጋ፥ በጠርሙስ የታሸገ መጠጥ፥ በቆርቆሮ ያለ ምግብ፥ እንቍላል፥ ድንች፥ ሽንኵርትና ድፍን ምስር ጫንን። እንጀራው ብቻ ከ12 ኪሎ በላይ ነበረ፤ ሁሉም ባንድነት ከ50 ኪሎ አያንስም። ለአራት ሰዎች ለአራት ቀን!

የመጀመሪያው ማታ እንደ ግብዣ ሆነልን። በሁለተኛው ማታ ግጭ ላይ፥ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ ምስሩን ብንቀቅለው ብንቀቅለው ሳይበስል ነዳጃችን ሊያልቅ ሆነ፤ የበረዶው ሣጥን ቀልጦ ሥጋው ስላጠራጠረን ጣልነው፤ ልጆቹም ብስኵት በልተው ተኙ። በሦስተኛው ቀን ጧት እንጀራውን ብንገልጠው ሻግቷል።

ከዚያም ትልቁን ስሕተት ሠራን። የዚያን ቀን መንገዳችን 3,926 ሜትር ከፍታ ባለው በእሜት ጎጎ በኩል ወደ ጨነቅ የሚወስደው ነበረ። የተረፈንን ምግብ ሁሉ በበቅሎዎቹ ላይ ጭነን፥ በቅሎዎቹ በአቋራጭ እንዲሄዱ አድርገን፥ እኛ ባዶ እጃችንን የውሀ ጠርሙስ ብቻ ይዘን ተነሣን። «ምሳችንን ደርሰን እንበላለን» ብለን ነበር። ነገር ግን መንገዱ ረዘመ፤ ነፋሱም በረታ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም ሴቲቱ ልጃችን ፊቷ ገረጣ፥ እጇም ቀዘቀዘ፤ «ከእንግዲህ አልሄድም» ብላ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እናቷ በነጠላዋ ጠቀለለቻት። እኔም ኪሴን ብዳብስ የመኪና ቍልፍ እንጂ የሚበላ አንዳች ነገር አላገኘሁም። አባት ሆኜ እንደዚያች ሰዓት ያፈርሁበት ጊዜ የለም።

በዚያን ጊዜ አብረውን የሚሄዱት ሽማግሌ ጠባቂ ጠመንጃቸውን አጋድመው ተቀመጡና ከትከሻቸው ላይ ትንሽ ከረጢት አወረዱ። በጣሳ ጥቂት ውሀ ጠይቀው በሶውን በጨው አሽተው ጨበጡትና፥ «እንኪ ልጄ፥ ቀስ ብለሽ ብዪ» አሏት። እርሷም በላች፤ ውሀም ጠጣች፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከዐረፈች በኋላ ቀለሟ ተመለሰ፤ እኛም አዝግመን መሄድ ቻልን። እኔም፥ «ለራስዎ ምን ይቀርዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ለእኔ ማታ እደርስበታለሁ ጌታዬ፤ መንገደኛ ግን ስንቁን ከራሱ አይለይም» አሉኝ።

ቤታችን ተመልሰን ነገሩን ለእናቴ በነገርናቸው ጊዜ ወቀሳ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን፥ «በሶው አሁንም ከመደርደሪያው ላይ ነው» ብቻ አሉ።

በ2012 ዓ.ም. በጥር ያንኑ መንገድ ሁለተኛ ጊዜ ሄድንበት። ያን ጊዜ ግን ስንቁን ያሰናዳነው ከእናቴ ጋራ ተቀምጠን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ከዚያ የተገኘው ነው።

1ኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ መጠኑን መቍጠር

ብዙ ሰው ስንቅ ሲያዘጋጅ በዓይኑ ብቻ ይገምታል፤ ፍርሀትም ስላለበት ይጨምራል። የሚሻለው በሚዛን መመዘን ነው። ደረቅ ስንቅ ለሚይዝና ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚሄድ ለአንድ ጐልማሳ ሰው በቀን 700 ግራም ያህል፥ ከ9 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 500 ግራም ያህል ይበቃል። እንግዲህ አባትና እናት ከሁለት ልጆች ጋራ ለአራት ቀን ቢሄዱ፥ ለሁለቱ ትልልቆች 5 ኪሎ ከ600፥ ለሁለቱ ልጆች 4 ኪሎ፥ በጠቅላላው 9 ኪሎ ከ600 ግራም ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ቍርስ ከከተማ፥ የመጨረሻውም ቀን እራት ከከተማ ስለሚበላ፥ ከዚህ ውስጥ የግማሽ ቀን ያህል መጠባበቂያ ይተርፋል ማለት ነው። ይህም ለዝናብ ወይም ለድካም መዘግየት የሚሆን ነው እንጂ ለመክሰስ አይደለም።

እኛ በሁለተኛው ጕዞ የያዝነው እንዲህ ነበር፤ በሶ 1 ኪሎ ከ800፤ ድርቆሽ 1 ኪሎ ከ600፤ ቆሎና ለውዝ 1 ኪሎ ከ400፤ ዳቦ ቆሎ 1 ኪሎ፤ ቅንጬና አጃ 1 ኪሎ፤ ሽሮ 800 ግራም፤ ንጥር ቅቤና ዘይት 800 ግራም፤ ቋንጣ 500 ግራም፤ ስኳርና ማር 500 ግራም፤ ጨው፥ በርበሬ፥ ሻይ ቅጠል፥ የተፈጨ ቡናና የደረቀ ሽንኵርት ባንድነት 200 ግራም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ያው 9 ኪሎ ከ600 ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን በመካከለኛ ግምት 2,500 ካሎሪ ያህል ይደርሰዋል፤ ከዚህም ለትልልቆቹ ብዙ፥ ለልጆቹ ጥቂት ያንሳል። ካሎሪ ማለት ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ኀይል የሚለካበት ነው።

2ኛ፤ ውሀን ከቤት አለመሸከም

የሸክም ሁሉ ጠላት በምግብ ውስጥ ያለው ውሀ ነው። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሀ ነው፤ ጥሬ ሥጋም ከአሥር እጅ ሰባት እጅ ያህሉ ውሀ ነው፤ ድንችና ቲማቲም ከዚያ ይብሳሉ። ውሀ በመንገድ ከምንጭ የሚገኝ ሲሆን ከቤት ድረስ መጫኑ ትርፉ ድካም ብቻ ነው። ደግሞም ሻጋታና ብልሽት የሚነሡት ከርጥበት ስለ ሆነ፥ የደረቀ ምግብ ቀላልም ነው፥ ብዙ ቀንም ይቈያል። አባቶቻችን ቋንጣን፥ ድርቆሽንና በሶን ያወቁት ስለዚሁ ነው፤ በማንኛውም ዘመቻ ስንቅና ትጥቅ ባንድነት መጠራታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ታላቅ ሠራዊት እንኳ ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ሳምንቶች ስንቁ እያለቀበት ተቸግሮ እንደ ነበረ በታሪክ ተጽፏል።

ቅባት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ በጥቂት ክብደት ብዙ ኀይል የያዘ ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ያህል ሲሰጥ፥ አንድ ግራም ዱቄት ወይም ስኳር ግን 4 ያህል ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ በሶን በንጥር ቅቤ ማሸት፥ ማለት ጭኮ ማድረግ፥ ጣዕምን ለመጨመር ብቻ አይደለም፤ ሸክምን ለማቅለልም ነው።

3ኛ፤ ከፍታ እሳትን እንደሚያደክም ማወቅ

እኛ በመጀመሪያው ጕዞ ምስሩ ያልበሰለልን እሳቱ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ሰው ወደ ላይ በወጣ መጠን አየሩ ስለሚሣሣ ውሀ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሀ በ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ በ88 ዲግሪ ያህል ይፈላል፤ ከዚያም በላይ ቢነድበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ድፍን ምስር፥ ባቄላና ሽምብራ በተራራ ላይ ብዙ ሰዓትና ብዙ ነዳጅ ይጨርሳሉ። የሚመረጠው አስቀድሞ የተቈላና የተፈጨ፥ ወይም በስሎ የደረቀ ነው፤ ሽሮ፥ ድርቆሽ፥ አጃ የመሳሰለው። ቅንጬም ቢሆን ማታ በውሀ ተነክሮ ቢያድር ጧት ፈጥኖ ይበስላል።

በፓርክ ውስጥ እንጨት መቍረጥ ክልክል ነው፤ ያ ተራራም ደኑ ብዙ የተጐዳ ስለ ሆነ ክልከላው የሚገባ ነው። ስለዚህ ትንሽ የጋዝ ምድጃ መያዝ ያስፈልጋል። በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ግን የጋዝ ቆርቆሮ መጫን ስለማይፈቀድ ነዳጁን ከአውሮፕላን ከወረደ በኋላ ይግዛው።

4ኛ፤ ስለ እያንዳንዱ ምግብ አሰነዳድ

በሶ፤ ገብሱ ተፈትጎ ገለባው ከወጣ በኋላ ይቈላል፤ ሳያርር በእኩል መብሰል አለበት። ከዚያም ልሞ ይፈጫል። ጨዉን ከቤት መጨመር ይሻላል፤ በመንገድ ላይ ሲፈለግ ይጠፋልና። ግማሹን በደረቁ፥ ግማሹን በንጥር ቅቤ ታሽቶ ጭኮ አድርጎ መያዝ መልካም ነው። ደረቁ በውሀ ተበጥብጦ ይጠጣል፥ ወይም ተጨብጦ ይበላል፤ ለልጆች ማር ቢጨመርበት ይወዱታል።

ድርቆሽ፤ እንጀራው በደንብ ተቈራርሶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በፀሐይ ይሰጣል፤ ሲሰብሩት ቀሽ የሚል ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ይደርቃል። ጥቂት እርጥበት የቀረበት እንደ ሆነ በከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ 100 ግራም ያህል ይበቃዋል። በፈላ ውሀ፥ በበርበሬና በቅቤ ሲፈረፈር ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቋንጣ፤ ጮማ የሌለበት ቀይ ሥጋ በቀጭኑ ተዘልዝሎ በጨውና በበርበሬ ይታሽና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ይሰቀላል። በደረቀ ጊዜ ክብደቱ ወደ ሲሶው ግድም ይወርዳል። ከመነሣት በፊት ደቀቅ ደቀቅ አድርጎ መያዝ በመንገድ ላይ ለማብሰል ያቀላል፤ ልጆችም ለማኘክ አይቸገሩም።

ሽሮ፤ ቅመሙና ነጭ ሽንኵርቱ ደርቆ አብሮ የተፈጨበት ሽሮ ለመንገድ እጅግ ምቹ ነው። ለአንድ ሰው 60 ግራም ያህል ሆኖ፥ ውሀው የሽሮውን አራት እጅ ያህል ይሁን። ከደረቀ ሽንኵርትና ከጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት በቀር ሌላ አያስፈልገውም። ድርቆሹን በውስጡ ጨምሮ ባንድ ድስት ማውጣት ደግሞ ዕቃ ማጠብን ይቀንሳል።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ፤ እነዚህ ምግብ ሳይሆኑ የመንገድ ጓደኛ ናቸው። ቆሎው ከገብስ፥ ከሽምብራ፥ ከሱፍና ከለውዝ ቢደባለቅ መልካም ነው። ነገር ግን ከ5 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቆሎና ለውዝ አይሰጥም፤ ጉሮሮውን ሊያንቀው ይችላልና። ለእርሱ ጭኮና ለስላሳ ገንፎ ይበቃዋል።

5ኛ፤ የቀኖቹን ምግብ አስቀድሞ መደልደል

በመንገድ ላይ «ዛሬ ምን እንብላ?» ማለት የመልካም ስንቅ ምልክት አይደለም። ድልድሉ ከቤት ያልቃል። የእኛ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቍርስ ከደባርቅ፥ ምሳ ዳቦ ቆሎና በሶ፥ እራት ሽሮ በድርቆሽ። በሁለተኛው ቀን ቍርስ ቅንጬ በቅቤ፥ ምሳ ጭኮና ቆሎ፥ እራት የቋንጣ ፍርፍር። በሦስተኛው ቀን ቍርስ አጃ በማር፥ ምሳ በሶና ለውዝ፥ እራት እንደ ገና ሽሮ በድርቆሽ። በአራተኛው ቀን ቍርስ የድርቆሽ ፍርፍር፥ ምሳ የተረፈው ዳቦ ቆሎ። ለመጠባበቂያ ከበሶውና ከሽሮው የተቀነሰ ሌላ ከረጢት ነበረ፤ እርሱንም ሳንፈታው ተመለስን።

እሑድ ተነሥቶ ረቡዕ የሚመለስ፥ ወይም መንገዱ በጾም ወራት የዋለበት ክርስቲያን፥ የጾሙን ቀን ቀድሞ ይቍጠረው። በዚያ ቀን በቅቤው ፈንታ ዘይት፥ በቋንጣው ፈንታ የተፈጨ ተልባ ወይም ኑግና ብዙ ለውዝ ይደረጋል። ቅቤ የነካው ሽሮና ያልነካው ሽሮ በየብቻው ይታሰር፤ በተራራ ላይ በመብራት ዳቦ ቆሎውንና ሽሮውን እያሸተቱ መለየት አስቸጋሪ ነውና። እንዲሁም የሃይማኖቱ ሥርዐት የተለየ እንግዳ ወይም የበቅሎ ነጂ አብሮ የሚሄድ እንደ ሆነ ሥጋ የሌለበት ድስት መኖሩ ሁሉንም ያስማማል።

6ኛ፤ አስተሳሰሩ

የየቀኑ ስንቅ ለብቻው በአንድ ከረጢት ይሁን፤ በላዩም «አንደኛ ቀን»፥ «ሁለተኛ ቀን» እየተባለ ይጻፍበት። የመጀመሪያው ቀን ከላይ፥ የመጨረሻው ከታች ይቀመጣል። ጠርሙስ መያዝ አይገባም፤ ይከብዳል፥ ይሰበራልም። ቅቤና ማር ክዳናቸው ጠበቅ ባለ ቀላል ዕቃ ይሁኑ፤ ወደ ቈላ በወረዱ ጊዜ ቅቤው ቀልጦ ይፈሳልና።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሽማግሌው ያስተማሩን ነው። የጋራው ስንቅ በበቅሎ ቢጫን እንኳ፥ እያንዳንዱ ሰው፥ ልጅም ቢሆን፥ የዕለቱን ጭኮና ቆሎ 150 ግራም ያህል ከውሀው ጋራ ከራሱ ላይ ይያዝ። በቅሎ መንገድ ሊለውጥ ይችላል፤ ጭጋግ ሊመጣ፥ እግር ሊሰናከል ይችላል። ልጅ የሚሸከመው ሁሉ ተደምሮ ከሰውነቱ ክብደት ከአሥር እጅ አንዱን ባይበልጥ ይሻላል፤ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 3 ኪሎ ማለት ነው። ስንቁን በራሱ ከረጢት የያዘ ልጅ ደግሞ ራሱን እንደ ትልቅ ሰው ስለሚቈጥር መንገዱን በደስታ ይሄዳል።

7ኛ፤ ንጽሕናና ጤና

ከምንጭ የተቀዳ ውሀ ምንም ጥሩ መስሎ ቢታይ ሳይፈላ አይጠጣ። በቈላ አንድ ደቂቃ ያህል ቢንተከተክ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን የሚፈላበት ሙቀት አነስተኛ ስለ ሆነ ሦስት ደቂቃ ማንተክተክ ይገባል። ማታ አፍልቶ ማሳደር ለጧት ያመቻል። ምግብ የሚነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ በመንገድ የሚነሣ የሆድ በሽታ አብዛኛው ከእጅና ከውሀ የሚመጣ ነው።

በከፍታ ላይ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ሰውነቱ ግን ይበልጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ለልጆች ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ቶሎ ቶሎ መስጠት፥ ትኩስ ሻይና ሾርባም ማዘውተር መልካም ነው። አንድ ነገር ግን እናስጠነቅቃለን፤ ልጅ በተራራ ላይ ሲደክም ሁሉ ርሃብ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ራስ ምታት፥ ማስመለስ፥ መፍዘዝ ወይም ትንፋሽ ማጠር ቢታይበት ከፍታው ራሱ አሞት ሊሆን ይችላል፤ ዐርፎ በልቶ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውረድ ነው እንጂ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። የእኛ ልጅ በልታ ተሻላት፤ የሁሉ ልጅ ግን እንዲሁ ይሆናል ብለን አንናገርም።

በስሜን የሚኖሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ዋና ምግባቸው ሣር ነው። ልጆች በርኅራኄ ዳቦ ሊወረውሩላቸው ይወዳሉ፤ ይህ ግን እንስሳውን ከልማዱ ያወጣዋል፥ ወደ ሰውም ድንኳን ያስደፍረዋል። ትልቁ ቍራም ክፍት የተተወ ስንቅ ካየ አይምርም። የምግብ ከረጢት ሁሉ ተዘግቶ ይደር፤ ባዶው ላስቲክና ወረቀትም ተሰብስቦ ከእኛ ጋራ ይመለስ። ከባዱን ይዘን ወጥተን ቀላሉን ጥሎ መመለስ ነውር ነው።

በሁለተኛው ጕዞ ያው ድንጋይ ዘንድ ስንደርስ ልጃችን 11 ዓመቷ ነበረ። ሳንነግራት ተቀመጠችና ከከረጢቷ ጭኮ አውጥታ ለሁላችንም አደለች። በዚያ ቀን አብሮን የነበረው ጠባቂ ሌላ ወጣት ነበረ፤ ለእርሱም ሰጠችው። እኔም እነዚያን ሽማግሌ አግኝቼ ከረጢታቸውን ለመሙላት ተመኝቼ ነበር፤ ዳሩ ግን አልተገናኘንም።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። እናቴ መጠኑን የሚያውቁት በግራም አይደለም፤ በእፍኝ፥ በጭብጥና በጣሳ ነው። «ይህን ያህል» ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ እንጂ ቍጥር አይናገሩም። ዛሬ ዓይናቸው ስለ ደከመ፥ ልጃችን አጠገባቸው ተቀምጣ እፍኛቸውን በሚዛን እየመዘነች በደብተር ጻፈችው። ከላይ ያነበባችሁት ቍጥር ሁሉ መነሻው ከእርሳቸው እፍኝ ነው። ያን ባታደርግ ኖሮ ይህ ዕውቀት ከእጃቸው ጋራ ሊቀር ነበር፤ እኔ በጊዜው ስቄበታለሁና።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ በየቤታችሁ እንዲህ ያለ እፍኝ የሚያውቁ እናት ወይም አያት ቢኖሩ፥ ለሚመጣው ዕረፍት ድንኳን ከመግዛታችሁ በፊት ልጆቻችሁን ሚዛንና ደብተር አስይዛችሁ ከአጠገባቸው አስቀምጡ። ስንቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።